የገለታ ዓሣዎች

ባለፈው ወር ገለታን በትውልድ አገሩ በዲጋ ቀበርነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሕይወት ታሪኩ በኦሮምኛ ሲነበብ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። የት እንደተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ስንት ዓመት ነቀምቴ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ እንደሠራ፣ ኩላሊቱን ታሞ እንዴት እንደከረመ ተነበበ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ የሚያነቡት ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ፦ «ቀደም ሲል እጁን ታሞ በተቸገረ ጊዜ፣ የሥራ ባልደረባውና ወንድሙ ይመር ሐኪም አገናኝቶት እጁን ከመቆረጥ አድኖለታል።» ሰዉ ዞሮ አየኝ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ።

ይመር እኔ ነኝ። ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ውሸት ነው።

በቀብር ላይ ለሟቹ ትንሽ ማጋነን ያለ ነው። ገለታ ግን ማጋነኑን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እዚያ አግዳሚ ላይ የተሰማኝ ኀዘን ብቻ ነበር ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። ቀናሁበት። በሞተ ሰው መቅናት ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ አላውቅም፤ አብረን ስንሠራ የኖርነውን ዓመት ሁሉ ስቀናበት ኖሬ በቀብሩ ቀን ማቆም አልቻልኩም።

ነቀምቴ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን እንሠራ ነበር። ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ የደንበኞች አግዳሚ። እኔ የአንገር ጉቲን ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ሥራውን የለመድኩት እዚያው ቆላ፣ ዛፍ ሥር፣ በእጅ መቀስ ነው። ገለታ የዲጋ ሰው ነው። ወደ እኔ ሲመጣ ቶንዶስ እንኳ በወጉ መያዝ አያውቅም ነበር። የምላጭ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስላልተጻፈ ነው።

በስድስት ወር ውስጥ ደንበኛው ሁሉ የእሱ ሆነ። ፀጉር ቤት ያልሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። አንዱ ይገባል። የእኔ ወንበር ባዶ ነው፤ ፎጣዬን አራግፌ «ና፣ ተቀመጥ» እለዋለሁ። እሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይልና «ችግር የለም፣ ገለታን እጠብቀዋለሁ» ይለኛል። በትሕትና ነው የሚለው፤ የሚያቃጥለውም ትሕትናው ነው። አራት ሰው ተደርድሮ ገለታን ሲጠብቅ እኔ ንጹሑን ማበጠሪያ እንደገና አጥባለሁ። እጄ ግን ከእሱ እጅ ይሻል ነበር። አሁንም እላለሁ። የጎን መስመር እንደኔ ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም።

ምን እንዳለው ብዙ ጊዜ አጥንቼዋለሁ። አጭር፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ ሰው ነበር፤ ትከሻው ብቻ ይነቀነቃል። የደንበኛን ጭንቅላት አይገፋም። በሁለት ጣቱ ጫፍ አገጩን ይነካና ይጠብቃል፤ ሰውየው ራሱ ይዞርለታል። የሰውን ሁሉ እናት ያውቃል። «አካም ጅርታ? ሃቲ ኬ አካም?» ብሎ ስለ እናትየው ከጠየቀ ቶንዶሱን አጥፍቶ መልሱን እስከ መጨረሻው ይሰማል። እኔም አንድ ቀን ሞከርኩት። ቶንዶሱን ቀጥ አድርጌ «እናትህስ እንዴት ናቸው?» ስለው ሰውየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ምነው፣ ምን ሰማህ?» አለኝ።

ይህ ሁሉ ሳያንሰኝ ዓሣ መጣ።

የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ የነበረ አንድ ደንበኛው ወደ አገሩ ሲዛወር የዓሣ ገንዳውን ይዞ መሄድ አልቻለም። የትልቅ ቴሌቪዥን ያህል የመስታወት ሳጥን ነው። ገለታ ውኃውን አጉድሎ፣ ሳጥኑን ባጃጅ ውስጥ ታቅፎ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ፊቱ ግን የበኩር ልጁን ከሆስፒታል ይዞ የወጣ አባት ይመስላል። ውስጡ ስድስት ብርቱካናማ ዓሣዎች አሉ።

«እዚህ አገር ዓሣ የሚታወቀው ተጠብሶ ነው። ይሄን ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት።

«ይታያላ!» አለኝ።

የት እንዳስቀመጠው ደግሞ ስሙ። ከወንበሩ ፊት ያለውን መስታወት አንሥቶ በእሱ ቦታ! መስታወት የሚያነሣ ፀጉር አስተካካይ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። «ሰው ታዲያ ምኑን ሊያይ ነው?» ስለው «ፊቱንማ ጠዋት አይቶት ነው የመጣው። ትንሽ ይረፍበት» አለ። አሁን ገና ወደቀልኝ ብዬ በልቤ ሳቅኩ። በሳምንቱ ቶንዶስ ሲሰሙ አገር ይያዝልኝ የሚሉ ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ዝም ብለው መቆረጥ ጀመሩ። እናቶች ተጠራሩ። «ቁርጡሚ! ቁርጡሚ!» የሚለው የልጆች ጩኸት ከደጅ ይጀምራል፤ ዓሣ፣ ዓሣ ማለታቸው ነው። እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሕፃን እንኳ አንገቱን ወደዚያ ጠምዝዞ መስመሬን ያበላሽብኛል።

ነቀምቴ መብራት ሲሄድ ቶንዶሳችን ይቆማል። የዓሣዎቹም አየር መንፊያ ይቆማል። እኛ መቀስ አለን፤ እነሱ ያላቸው የገለታ እጅ ነበር። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ገንዳው ውስጥ ይከትና አየር እንዲያገኙ ውኃውን ያማስላል። ከሰው ጋር እያወራ ግማሽ ሰዓት ያማስላል፤ መብራቱ ካልመጣ አንድ ሰዓትም ይሄዳል። ደንበኛው ፀጉሩ ግማሹ ተቆርጦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ይጠብቀዋል። ለዓሣ ሲባል! እኔ ለውኃ ስወጣ አንድ ደቂቃ ብዘገይ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። መስታወቱ ላይ የሚይዘውን አረንጓዴ ዝልግልግም በባዶ እጁ፣ በጥፍሩ ነበር የሚፍቀው።

የፀጉር አስተካካይ እጅ ደግሞ ደህና ሆኖ አያውቅም። ምላጭ ሳይነካን የሚያልፍ ሳምንት የለም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቀኝ እጁ የመሃል ጣት መገጣጠሚያ ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት ወጣች። ቀልታ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ታደላለች። ብዙም አታመውም። «ፀጉር ገብቶብኛል» አለ። እኔም አየሁና «ፀጉር ነው» አልኩት። በዚህ ጊዜ ተንኰል አልነበረብኝም፤ ይህችን ያዙልኝ። ሌላ ሰው ሰምቶ ይስቅ ይሆናል፤ በእኛ ሥራ ግን የተቆረጠ ፀጉር እንደ እሾህ ነው። ቆዳ ውስጥ ይገባና ያመረቅዛል። ሁላችንም መርፌና ወረንጦ ይዘን ጣታችንን ስንቆፍር ነው የምንኖረው። ገለታም ቆፈረ። በአልኮል አጠበ። ፀጉር አላገኘም። «ጠልቆ ገብቷል ማለት ነው» አለና እንደገና ቆፈረ። ፕላስተሩን ሳይለጥፍ መብራት ሄደና እጁን ገንዳው ውስጥ ከተተ።

እብጠቷ ፈርጣ ቁስል ሆነች። ጤና ጣቢያ ካፕሱል ተሰጠው፤ ጨረሰው፤ አልተሻለውም። ሌላ ካፕሱል ተሰጠው። ሁለተኛዋ እብጠት እጁ ጀርባ ላይ ወጣች፤ ሦስተኛዋ አንጓው ላይ። በአንድ መስመር ሽቅብ ነበር የሚወጡት። ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ መሥራት ጀመረ። ደንበኞቹ ፋሻውን ማየት ጀመሩ። አንዱ ነጋዴ ከበር ላይ ጠራኝና «ይሄ ነገር ይተላለፋል እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት። ይህን ስል ፎጣዬን እያራገፍኩ ነበር። ገባና የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ሐኪሙ መጣ። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ የቆዳ ሐኪም ነው፤ የገለታ ደንበኛ ነው፣ የማን ይሆናል ሌላ። ያን ቀን ገለታ ቁስሉን ሊያሳጥብ ሄዶ ስለነበር እኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ገና ፎጣውን አስሬለት ሳልጨርስ «ያ ዓሣ ያለው ጓደኛህ እንዲያ ቸኩሎ የት ሄደ?» አለኝ።

«እጁን ሊያሳጥብ።»

«ፀጉር ገብቶብኝ ነው አላለኝም? ባለፈው ስቆረጥ ፋሻውን ስላልፈታው አላየሁትም። አሁን መንገድ ላይ አገኘሁትና ሁለት ደቂቃ አየሁለት፤ እየቸኮለ ስለነበር አመለጠኝ። እዚህ ገብቼ ይሄን ገንዳ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ።» ጣቱን ወደ ዓሣዎቹ ቀሰረ። «ከዚህ ውኃ ነው።»

ቶንዶሱን አጠፋሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማጥፋቱ ተሳካልኝ።

«በዓሣ ገንዳ ውስጥ የሚኖር ተህዋስ አለ» አለኝ። «የሳንባ ነቀርሳው ዘመድ ነው፤ ግን ሳንባ አይነካም፤ ቆዳ ነው የሚወደው። በጭረት ይገባል። ከገባ በኋላ ሳምንታት ዝም ብሎ ይቆይና ነው ብቅ የሚለው፤ ለዚህ ነው ማንም ከውኃው ጋር የማያያይዘው። ከዚያ በክንድ ሽቅብ ይደረደራል።»

«ይተላለፋል?»

«ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሲወስድ የከረመው ካፕሱል ግን አያድነውም። ናሙና ይወሰድለትና ትክክለኛውን መድኃኒት ለወራት ይውሰድ። ከዘገየ ወደ መገጣጠሚያውና ወደ አጥንቱ ሊዘልቅ ይችላል፤ ያኔ ጣቱን ያጣል። እጁን ከዚህ ውኃ ያውጣ። ዓሣዎቹን ይጣል አላልኩም፤ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ያድርግ፣ ቁስል ካለው ደግሞ ጨርሶ አይንካ፣ ነክቶም ከሆነ በሳሙና ይታጠብ።»

በማግስቱ ለሥልጠና አዲስ አበባ ስለሚሄድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ለሆስፒታል ባልደረባው ጻፈ። ቀን ጻፈበት፣ ፈረመበት። «ዛሬውኑ ስጠው፤ ነገ ይዞ ይሂድ» አለኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ። አንድ ሐኪም እኔ ወንበር ላይ ቢቀመጥ የሚያወራኝ ስለ ገለታ ሆኖ ቀረ ብዬ እየበገንኩ ፀጉሩን ጨረስኩለት።

ገለታ ከሰዓት መጣ። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ ትጠብቀው ነበር። ልጅቷ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ዓሣ ትቆጥራለች። ገለታ ጎንበስ ብሎ «ስሜን ንገሪያቸው፣ ይመጣሉ» ሲላት እናትየው ሳቀች፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። እኔ ኪሴ ውስጥ ወረቀቱን ይዤ ቆሜያለሁ። አሁን ብሰጠው ምን ይሆናል? ይድናል። ከዳነ እንደገና አራት ሰው አግዳሚው ላይ። ነገ እሰጠዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ሁለት የእሱ ደንበኞች ሳልጠራቸው እኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ደስታው እጄ ላይ ይታወቀኝ ነበር፤ መቀሱ ቀለለኝ። ወረቀቱን ምላጮቼ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ምላጭ ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ባየሁት ቁጥር ነገ እላለሁ። ሰው ልገድል የተነሣሁ አይመስለኝም ነበር፤ ጣት ነው፣ እጅ ነው፣ ትንሽ ይታመም፣ ትንሽ ይወቅ የሰውን ሁኔታ እያልኩ ነበር። እንዲህ ሲጻፍ አስቀያሚ ነው። ያኔ ግን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ነበርና አይከብድም።

አራተኛዋ እብጠት ክንዱ መሃል ላይ ወጣች። ደንበኞቹ እየመነመኑ ሄዱ። መብራት ሲሄድ አሁንም እጁን ይከታል፤ ፋሻውን አውልቆ! እኔ መሳቢያዬን እዘጋለሁ።

አንድ ቀን ከድሮ ደንበኞቹ አንዱ ገባና እንደ ልማዱ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ገለታ በግራ እጁ ትከሻውን መታ አድርጎ «ለኪ፣ አይሆንም፣ ዛሬ ይመር ጋ ሂድ» አለው። «እጄ እስኪሻለኝ እሱ ጋ ነህ። የጎን መስመር እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ እዚህ መንገድ ላይ የለም።»

ይህንን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ለካ ያየዋል። ለካ ሁልጊዜ ያየው ነበር። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ጠልቼው አላውቅም። የደንበኛውን መስመር አጣመምኩት።

ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ስድስት ሳምንት ሲሞላው፣ አንድ ከሰዓት ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ገለታ ወደ እኔ ዞረ።

«ነገ ጠዋት ዲጋ ልሄድ ነው» አለኝ። «የሚተኩስ ሰው አለ አሉኝ። እብጠቶቹን በጋለ ብረት አንድ በአንድ ይተኩሳቸዋል። ጣቱ ካስቸገረም እንግዲህ…» ሌላውን አልጨረሰውም። «ዓሣዎቹን አደራ። መብራት ሲሄድ አትርሳቸው። ና፣ እንዴት እንደሚማሰል ላሳይህ። እጅህን እስከዚህ ትከትና ዝም ብለህ በዝግታ ታዞረዋለህ። ና፣ ክተተው።»

ተነሥቼ ገንዳው አጠገብ ቆምኩ። አውራ ጣቴን ጠዋት ምላጭ ነክቶኝ ነበር። እጄን ወደ ኋላዬ አደረግኩት።

«አልከትም» አልኩት።

«ውኃው እኮ ቀዝቃዛ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ስድስት ሳምንት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ የእሱ እጅ እዚያ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ፤ የእኔን አንድ ጊዜ መክተት አልቻልኩም። ገለታ ወደ ኋላ የደበቅኩትን እጄን አየ። የራሱን አየ። ከዚያ ውኃውን አየ። ችኩል ሰው አይደለም፤ በዝግታ ነው ያየው።

«ይመሬ» አለኝ፣ «ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?»

መሳቢያውን ከፍቼ ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀኑ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። «ዶክተሩ አዲስ አበባ የሄደ ሰሞን ነው» አለ፤ ለእኔ የሚናገር አይመስልም ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ። ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ዲጋ መሄዴ ቀርቷል» አለ። «በሩን ዝጋና አብረን ሆስፒታል እንሂድ።»

በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ እናቱን እየጠየቀ ሄደ። ሐኪሙ ያን ሳምንት ከሥልጠናው ተመልሶ ነበር። ክንዱን ገልጦ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ወረቀቱን ተቀብሎ ቀኑን አየና ለገለታ መልሶለት ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን የጻፍኩት መቼ ነው? እስካሁን የት ነበር?» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር።

«የዚያኑ ቀን ሰጥቶኛል ዶክተር» አለ ገለታ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ፀጉር ነው ብዬ ናቅኩት።»

ሐኪሙ ቁጣውን ሁሉ እሱ ላይ አወረደው። የተማረ ሰው ትመስለኝ ነበር፣ በገዛ እጅህ እንዴት ትጫወታለህ አለው። ገለታ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ትከሻው ግን ትንሽ ይነቀነቅ ነበር። ሰው እየተሰደበልኝ እየሳቀ ነው!

ውጭ ስንወጣ «ለምን ዋሸህልኝ?» አልኩት።

«ነገም አንድ ክፍል ነው የምንሠራው» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ነገሩን አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም። በደንበኛ በልጦኝ ነበር፣ በሰው በልጦኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ በዚህ በለጠኝ ብዬ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ስበግን አድር ነበር። ስለ እጁ ማሰብ ሲገባኝ ስለዚህ አስባለሁ።

መድኃኒቱን ወራት ወሰደ። እብጠቶቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ደረቁ፤ ጠባሳቸው ክንዱ ላይ ቀረ። ጣቱ አልተቆረጠም። መገጣጠሚያው ግን ተገትሮ ቀረ፤ አልታጠፍ አለ፣ መቀስም አልያዝ አለ። ሐኪሙ «በጊዜ ቢመጣ ኖሮ» እያለ ይጀምርና ይተወዋል። ትንሽ በቶንዶስ ብቻ ሞከረ፤ ከዚያ ባለቤቱ ጫልቱ ዲጋ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ስለነበራት ወደዚያ ጠቅልሎ ሄደ።

በሄደበት ቀን ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ሊሰናበተው መጥቷል። ከዘንቢሉ ውስጥ እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም የላስቲክ ጓንት አወጣና በሰው ሁሉ ፊት ሰጠኝ። «ዓሣዎቹ ያንተ ናቸው። ያለዚህ እጅህን እንዳትከት፣ ኦቦሌሳ ኮ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው። ሰዉ እንዴት ያስብልሃል አለኝ። እኔ ግን እየነካካኝ ይሁን እያሰበልኝ መለየት አቅቶኝ ጓንቱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ደንበኛው ሁሉ የእኔ ሆነ። የተመኘሁትን አገኘሁ። አሁን አራት ሰው የሚጠብቀው እኔን ነው። ግን እያንዳንዱ ሲገባ ገንዳውን አይቶ «የገለታ ዓሣዎች ደህና ናቸው?» ይላል። «የእኔ ናቸው» እላለሁ። አዲስ ሰው ገብቶ የማን እንደሆኑ ሲጠይቅም «የእኔ» ነው መልሴ። ሁለቱ ሞተው እኔው ራሴ ሌሎች ተክቻለሁ፤ ምግባቸውን የምሰጥ፣ ውኃቸውን የምቀይር እኔ ነኝ። ይህንንም ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ሰዉ ግን ከነአዲሶቹ የገለታ ዓሣዎች ይላቸዋል።

ከቀብር በኋላ እቤቱ ገባን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እየመጣ እጄን ይጨብጣል። «እጁን ያዳንክለት አንተ ነህ?» ይሉኛል። «ዋቅ ይባርክህ» ይሉኛል። አንድ ሰዓት ያህል ቻልኩት። ከዚያ ጫልቱ ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ሳለ አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«ጫልቱ እህቴ፣ ያ የተነበበው ነገር ልክ አይደለም» አልኳት። «የሐኪሙን ወረቀት ስድስት ሳምንት ደብቄበታለሁ። ጣቱ የተገተረው በእኔ ነው።»

ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ዝቅ አደረገች። ዓይኗ አብጧል። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ያን ክንድ እኮ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ጻፋችሁ?»

«እሱ ነው ያጻፈኝ። በኩላሊቱ ሆስፒታል ተኝቶ ነው ያጻፈኝ። በቤተ ክርስቲያን ውሸት አላስነብብም ብዬ ተጣላሁት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹እውነቱን ካስነበብሽው ይመር ፊቱን ሸፍኖ ይወጣና እስከ ዕድሜው መጨረሻ ዝም ይላል። እንዲህ ካልነው ግን ጨንቆት ራሱ ይናገራል› አለኝ። እኔ አይናገርም አልኩት። ‹ይናገራል፣ አውቀዋለሁ› አለኝ። ከዚያ ሳቀ። እንዲያ ታሞም ትከሻው ይነቀነቅ ነበር።»

በሁለት ጣቱ ጫፍ አገጬን ነክቶ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነው የታየኝ። ዞሬለታለሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ፣ አልዋሽም፣ ቀናሁ፤ ሞቶም እንዲህ ያውቅበታል ብዬ። አለቀስኩም። ስወጣ ጎንበስ ላሉልኝ አሮጊት ነገሩን ነገርኳቸው፣ ለሽማግሌውም ነገርኩ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝን ሁሉ እነግራለሁ። ይኸው ለእናንተም ጻፍኩት።

በማግስቱ ነቀምቴ ተመልሼ ክፍሉን ከፈትኩ። መብራት አልነበረም። ጓንቱን እስከ ክርኔ ሳብኩና ውኃውን በዝግታ ማማሰል ጀመርኩ። ጓንቱ ውስጥ እጄ ደረቅ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ገባ፤ ለሥራ ተመድቦ የመጣ ይመስላል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን እየጠበቀ ትንሽ ሲያየኝ ቆየና «ደስ ይላሉ። የማን ናቸው?» አለኝ።

«የገለታ ናቸው» አልኩት።